«ደህና ነው» ብላችሁ አትለፉት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ የጌም ዓምድ ላይ የወጣውን ግምገማ ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ስጨርሰው የሆነ ነገር የዘለልኩ መስሎኝ ነው የተመለስኩት። ምንም አልዘለልኩም። ግራፊክሱ «ጥሩ» ነው ይላል፣ ታሪኩ «ደህና» ነው፣ ድምፁ «አይከፋም»፣ መጨረሻ ላይ «ይህን ዓይነት ጌም ለሚወዱ እንመክራለን» እና ከ10 ሰባት። አለቀ። ጌሙን 23 ሰዓት ተጫውቼዋለሁ፣ ስለዚህ የማላውቀውን አላወራም። ከዚያ ጽሑፍ ላይ የጌሙን ስም አውጥታችሁ የሌላ ጌም ስም ብትተኩበት አንድም ቃል ሳይነካ ልክክ ብሎ ይገባል።

በነጥቡ ተናድጄ እንዳይመስላችሁ። ሰባትም ይሁን ስድስት አልጣላበትም። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ጌሙ መካከለኛ ነው። አሪፍ አይባል፣ ቀሽም አይባል። ከሁሉም ጌሞች በላይ ጥሩ ሂስ የሚያስፈልገው ደግሞ እንዲህ ዓይነቱ ነው፤ ከሁሉም ያነሰ ትኩረት የሚሰጠውም እሱው ነው።

እስቲ አስቡት። ግሩም ጌም ሲወጣ ገምጋሚ ኖረም አልኖረም ወሬው ራሱ ይዞት ይሄዳል። ጓደኛ ለጓደኛ ይነግራል፣ በሳምንቱ ያልሰማ የለም። በጣም ቀሽም የሆነውም እንዲሁ ነው፣ እንዲያውም ቀሽምነቱ ዝና ይሆንለታል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን «ቢግ ሪግስ» የሚባለውን የከባድ መኪና እሽቅድምድም ሰው ዛሬም ድረስ ያነሳዋል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ጌሙ መጀመሪያ ሲወጣ ተፎካካሪው መኪና ከመነሻው መስመር ንቅንቅ አይልም ነበር። የተጫዋቹ መኪና ሕንፃ ሰንጥቆ ያልፋል። ድልድይ ላይ ሲወጣ ድልድዩ እንደሌለ ሁሉ ቁልቁል ይሰምጣል። ወደ ኋላ ሲነዳ ደግሞ ፍጥነቱ ማቆሚያ የለውም። መጨረሻ ላይ ዋንጫ ብቅ ይልና በተሰባበረ እንግሊዝኛ አሸናፊነቱን ያበስረዋል። ስለዚህ ጌም ሰዎች ሃያ ዓመት ሙሉ ጽፈዋል፣ ቪዲዮ ሠርተዋል። በዚያው ዓመት የወጡትን፣ በደንብ የሚሠሩትን፣ ግን ልብ የማይሞሉትን የእሽቅድምድም ጌሞች ግን ማን ያስታውሳቸዋል?

እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜያችንን የምናሳልፈው እነዚህ ላይ ነው። ቅናሽ ሲወጣባቸው የምንገዛቸው፣ ጓደኛ የሚያውሰን፣ ከወርሃዊ ክፍያ ጋር አብረው የሚመጡልን ብዙዎቹ መካከለኛ ናቸው። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ የሚለው ጥያቄም የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ለግሩሙም ለቀሽሙም መልሱ ይታወቃል።

ደግሞ መካከለኛ ጌም ቶሎ አይታወቅም። ይህ ዋናው ነገር ይመስለኛል። ስቲም ከሚባለው የኦንላይን ጌም መደብር የተገዛ ጌም በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወቱት፣ ገንዘቡ ይመለሳል። አሠራሩ ከ2015 ጀምሮ አለ፣ መልካም አሠራርም ነው። የተበላሸ ጌም በሁለት ሰዓት ይታወቃላ። መካከለኛው ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓቶች ቆንጆ ነው። መክፈቻው ፊልም ይመስላል፣ በየአሥር ደቂቃው አዲስ መሣሪያ ይሰጣል፣ ሙዚቃው ደረት ያስነፋል። ድክመቱ የሚወጣው አሥረኛው ሰዓት ላይ ነው፤ አራተኛውን የጠላት ካምፕ አጽድተን አምስተኛውም ያው፣ ስድስተኛውም ያው መሆኑ ሲገባን፣ ዛፉ ተለወጠ እንጂ ከበስተኋላው የሚጠብቀን ሰውዬ ያው ሰውዬ መሆኑ ሲገባን። ያኔ ገንዘቡ አይመለስም። አሥረኛው ሰዓት ላይ ምን እንዳለ ቀድሞ ሊነግረኝ የሚችለው ገምጋሚ ነው። ገምጋሚያችሁ ግን ስንት ሰዓት እንደተጫወቱ እንኳን አልጻፉም።

የተጫዋቾች አስተያየት አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ። እዚያው ስቲም ላይ ግን ምርጫው አውራ ጣት ወደ ላይ ወይም አውራ ጣት ወደ ታች ነው፤ መሀል የለውም። ከ40 እስከ 69 በመቶ ድጋፍ ያገኘ ጌም «የተደበላለቀ» የሚል ስም ይለጠፍበታል። እንግዲህ ግማሹ ሰው ወዶት ግማሹ የጠላው ጌም አለ፣ ሁሉም ሰው «እንዲያው ነው» ያለው ጌምም አለ። ሁለቱ በፍጹም አንድ አይደሉም፤ አንድ ስም ነው የሚሰጣቸው። ልዩነቱን የሚነግረን ቁጭ ብሎ የጻፈ ሰው ብቻ ነው።

አሁን ገምጋሚያችሁ ያለፉትን ልንገራችሁ። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ አንድ ሽማግሌን እስከ ወደቡ ድረስ መሸኘት አለ። ሽማግሌው የሚሄዱት ከባለታሪኳ እርምጃ ፈጠን፣ ከሩጫዋ ዘገም ብለው ነው። ስለዚህ እሮጣለሁ፣ እቀድማቸዋለሁ፣ እቆማለሁ፣ ይደርሱብኛል፣ ያልፉኛል፣ እንደገና እሮጣለሁ። ከራቅኋቸው ንግግራቸው ይቋረጣል። ንግግራቸው ውስጥ ደግሞ የታሪኩ ዋና ምስጢር አለ። ሰባት ደቂቃ፣ ሰዓት ይዤ። ይህን ጣጣ ጌም የሚጫወት ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ለዓመታት የተማረርንበት ነው። የሽማግሌው ድምፅ ግሩም ነው፣ የተጻፈላቸውም ንግግር ግሩም ነው፣ እኔ ግን በግማሽ ጆሮ ነው የሰማኋቸው፤ ሌላው ሐሳቤ ጆይስቲኩ ላይ ነበር። ይህ ሁሉ «ታሪኩ ደህና ነው» በሚል ሦስት ቃል ተድበስብሶ አለፈ። የዚያ ጌም ታሪክ እኮ የሚሰምረውም የሚበላሸውም እዚያች መንገድ ላይ ነው።

ጥሩውንም አላዩለትም። ዝናብ ሲጀምር ባለታሪኳ የኮቷን ኮሌታ ታነሳለች። ማንም ሳያዛት። ጣራ ስር ስትገባ መልሳ ታጥፈዋለች፣ እጇንም ታራግፋለች። ይህን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሚሽኑን ትቼ ዝናብ እየጠበቅኩ ጣራ ስር እየገባሁ እየወጣሁ ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ እንጃ። እዚያ ስቱዲዮ ውስጥ አንድ ሰው ለዚህች ነገር ቀናቱን ሰጥቷል። ማንም አላዘዘውም ብዬ ነው የማስበው፤ እንዲህ ዓይነት ነገር በዕቅድ ላይ አይጻፍም። መካከለኛ ጌም ሁሉ ነገሩ እኩል ለብ ያለ ይመስለናል። ቀረብ ብሎ ላየው አንዱ ጥግ ይፋጃል፣ ሌላው ጥግ በረዶ ነው፤ ለብ የሚያደርገው ሁለቱን የሚደባልቀው ቁጥር ነው። እኔ ከሂስ የምፈልገው የሚፋጀው የቱ ጋ እንዳለ እንዲያሳየኝ ነው።

ወደ ቁጥሩ ከመጣን አይቀር፣ ሰባት በጌም ዓለም መሀል ሆኗል። አምስት ስድብ ነው። ሜታክሪቲክ የሚባለው፣ ከ2001 ጀምሮ የገምጋሚዎችን ነጥብ እየሰበሰበ አማካይ የሚያወጣው ድርጅት፣ ይህን በቀለም ሳይቀር ያሳያል። አንድ ፊልም ከ100 61 ካገኘ አረንጓዴ ይሰጠዋል። ጌም ግን አረንጓዴ ለማግኘት 75 መድረስ አለበት። ለጌም የሚሰጠው ነጥብ ከመጀመሪያው ተቆልሎ ስለሚመጣ መስፈሪያውን ከፍ ማድረግ ግድ ሆነ ማለት ነው። በሌላ መንገድ የሄዱም አሉ። የእንግሊዙ «ኤጅ» መጽሔት አምስት ማለት መካከለኛ ነው ብሎ በዚያው ጸንቷል። እዚያ ስድስት ያገኘ ጌም አንገቱን ቀና ማድረግ ይችላል። እናንተ ዘንድ ግን ባለፉት ወራት ካነበብኳቸው ውስጥ ከሰባት በታች ያገኘ አላየሁም፣ ከዘጠኝ ያለፈም አላየሁም። ከዚህች ጠባብ ክፍተት ውስጥ ምን ተለይቶ ይታያል?

ቁጥሩ ደግሞ እንዲሁ የሚወረወር ነገር አይደለም። በ2010 የወጣው «ፎልአውት ኒው ቬጋስ» ሜታክሪቲክ ላይ 84 አገኘ። የሠራው ኦብሲዲያን የተባለው ስቱዲዮ ከአሳታሚው ጋር በነበረው ውል ቦነስ የሚያገኘው 85 ከደረሰ ነበር። በአንድ ነጥብ ቀረባቸው። ይህን በ2012 ያወጣው ከስቱዲዮው ዲዛይነሮች አንዱ ራሱ ነው። ጌሙን ዛሬ ሰው እንዴት እንደሚያነሳው የምታውቁት ነው፣ ከዘመኑ ምርጥ ሥራዎች አንዱ አድርጎ ነው። አንድ ነጥብ የሰው ኪስ ውስጥ የሚገባ ከሆነ በዘፈቀደ መስጠት ነውር ነው። ከፍ አድርጎ መስጠቱም፣ ዝቅ አድርጎ መስጠቱም።

ከፍ አድርጎ ሰጥቶ መገላገል ለምን እንደሚቀል ይገባኛል። በ2007 መጨረሻ ላይ ጄፍ ገርስትማን የተባለው፣ ጌምስፖት የሚባለው የጌም ድረ ገጽ ገምጋሚ፣ «ኬን ኤንድ ሊንች» ለተባለ ጌም ከ10 ስድስት ሰጠ። ስድስት! አላዋረደውም፣ አልሰደበውም፣ መካከለኛ ነው አለ እንጂ። በዚያው ሰሞን ገጹ በጌሙ ማስታወቂያ ተሞልቶ ነበር። ሰውየው ከሥራ ተባረረ። ነገሩን ራሱ በግልጽ የተናገረው ከዓመታት በኋላ በ2012 ነው፤ ለአሳታሚዎች ያልተመቹ ነጥቦች አለቆቹ ላይ ጫና እንዳመጡ አስረዳ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ያቺ ስድስት ናት። እንጀራ ያሳጣችው ለቀሽም ጌም የተሰጠች አንድ ወይም ሁለት አልነበረችም። እናንተ ላይ እንዲህ ያለ ጫና አለ እያልኩ አይደለም፣ አልጠረጥርምም። ግን ለመካከለኛ ጌም መካከለኛ ነህ ማለት ድፍረት እንደሚጠይቅ ይህ ታሪክ በደንብ ያሳያል።

አማካይ ነጥብ የሚደብቀው ሌላም ነገር አለ። በ2010 «ዴድሊ ፕሪሞኒሽን» የሚባል አስፈሪ ጌም ወጣ። አይጂኤን የተባለው የጌም ድረ ገጽ ከ10 ሁለት ሰጠው። ዲስትራክቶይድ የተባለው ሌላ ድረ ገጽ ከ10 አሥር። ሁለቱም የተጫወቱት አንድ ጌም ነው። ግራፊክሱ ለዘመኑ ወደ ኋላ የቀረ ነበር፣ ውጊያው ይደብራል፣ መኪናው እንደልብ አይታዘዝም። በሌላ በኩል የከተማዋ ነዋሪዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው የቀን ውሎ አላቸው፣ መርማሪው ደግሞ ለማይታይ ወዳጁ እያወራ ነው የሚዞረው፣ እና ይህ ወሬ ውሎ አድሮ ልብ ውስጥ ይገባል። ጊነስ ከአስፈሪ ጌሞች ውስጥ ገምጋሚዎችን እጅግ የከፋፈለ ብሎ መዝግቦታል። አማካዩ ስንት ነበር? 68። ይህን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው «አንዱ ተራ ጌም» ብሎ ያልፈዋል። የሁለቱን ገምጋሚዎች ጽሑፍ ያነበበ ግን ከየትኛው ወገን እንደሚሆን ራሱን ያውቀዋል፣ ሳይገዛም ያውቀዋል። የጃፓኑ «ፋሚጹ» መጽሔት አንዱን ጌም ለአራት ሰው ይሰጥና እያንዳንዳቸው ከ10፣ ድምሩ ከ40 ይሰጣሉ። እናንተ አራት ባይሆን ሁለት ሰው ብትመድቡ ዓምዱ ሌላ ነገር ይሆን ነበር።

ጥሩ ሂስ ለመካከለኛ ጌም ምን እንደሚያደርግለት በራሴ አይቻለሁ። «ዴይስ ጎን» በ2019 ሲወጣ ሜታክሪቲክ ላይ 71 ነው ያገኘው። ልተወው ነበር። አንድ ግምገማ ግን፣ ጽሑፉ ለጌሙ ያደላ ሳይሆን፣ በግልጽ እንዲህ ይል ነበር፤ አጀማመሩ ይንዛዛል፣ ንግግሩ አንዳንዴ ያሰለቻል፣ የጌሙ ነፍስ ግን ሞተር ሳይክሉና የዞምቢ መሳይ ፍጡራኑ መንጋ ነው፣ መንጋው ደግሞ በእውነት የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ይህን ይዤ ገባሁ። አንድ ሌሊት ጫካ መሀል ነዳጅ አለቀብኝ። ካርታው ላይ ቅርብ የሚመስለው ማደያ በእግር ሲሆን ሩቅ ነው። በጨለማ አጎንብሼ ሄድኩ፣ ጀሪካን አገኘሁ፣ በእጄ ይዤው ስመለስ ከታች ከሸለቆው የብዙ እግር ድምፅ ሰማሁ። ቁጭ አልኩ። መንጋው በፊቴ አለፈ፣ ማለቂያ ያለው አይመስልም ነበር። ሲያልፍ ሞተሬ ጋ ደርሼ ነዳጁን ስሞላ እጄ ላይ ላብ ነበር፣ የእኔው እጅ ላይ። ያንን ሌሊት የሰጠኝ ያ ገምጋሚ ነው። ነጥቡን ከፍ አድርጎ ቢያታልለኝ ኖሮ በንዛዛው መጀመሪያ ተናድጄ እዘጋው ነበር፣ ዝም ብሎ «ደህና ነው» ቢለኝ ደግሞ አልገዛውም ነበር።

ሌላም ምክንያት አለ፣ ይህኛው ብዙ ሰው የሚያስበው አይመስለኝም። ግሩም ጌሞች ታድሰው ተሠርተው ይመለሳሉ። መካከለኞቹ ይጠፋሉ። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ ገበያ ላይ አይገኙም። ኦንላይን የሚሠሩት ደግሞ የባሱ ናቸው። ባዮዌር የሠራውን «አንሰም» የተባለውን ጌም ውሰዱ፣ በ2019 የወጣውን። ሚሽኖቹ ተደጋጋሚ ነበሩ፣ ሎዲንጉ ትዕግሥት ያስጨርስ ነበር፣ ነጥቡም ዝቅተኛ ነበር። መብረሩ ግን! የብረት ልብሱን ለብሶ ከገደል ላይ ዘሎ፣ ሞተሩ ሲግል ፏፏቴ ውስጥ ሰንጥቆ አቀዝቅዞ እንደገና ሽቅብ መነሣት። ጌሙን የነቀፉት ገምጋሚዎች ሳይቀሩ ይህን አመስግነው ጽፈዋል። በ2025 አሳታሚው ሰርቨሩ በ2026 መጀመሪያ እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ያለ ሰርቨር ደግሞ ጌሙ አይከፈትም። ከዚያ ወዲያ ያ መብረር ምን እንደሚመስል ማወቅ የሚፈልግ ልጅ የሚያገኘው የተቀረጸ ቪዲዮና ያኔ በጥንቃቄ የተጻፈ ሂስ ነው። ቪዲዮው መልኩን ያሳየዋል፣ ጣት ላይ የሚሰማውን ግን አያሳየውም። ሁሉም ገምጋሚ «ግራፊክሱ ጥሩ፣ ጨዋታው ተደጋጋሚ፣ ከ10 ስድስት» ብሎ ቢያልፍ ኖሮስ?

ሌላኛው ጽንፍም አይጥመኝም። መካከለኛ ጌምን ማብጠልጠል የሚወዱ አሉ፣ አንባቢ ስለሚያስቁ ይጨበጨብላቸዋል። ሳቁ ሲያልቅ ስለ ጌሙ ያወቅነው ነገር የለም። ሰዎች ሦስትና አራት ዓመት የለፉበትን ነገር በስድብ መጨረስ አንባቢንም መናቅ ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ገምጋሚው ስንት ሰዓት እንደተጫወቱ፣ በየትኛው ኮንሶል ወይም ኮምፒውተር ላይ እንደሆነ፣ ጨርሰውት እንደሆነ ይጻፉልን። ከዚያ አንድ ቦታ ይምረጡና እዚያ ይቆዩ። አንድ ሚሽን፣ አንድ ውጊያ፣ አንድ በር አከፋፈት ይሁን ግድ የለም፣ ብቻ ቀረብ ብለው ያሳዩን። ግራፊክስ፣ ድምፅ፣ ታሪክ እያሉ በየተራ መቁጠሩን ይተዉት፣ ማንም ጌም የሚጫወተው እንደዚያ ተራ በተራ አይደለም። ነጥቡን ብትተዉትም አልከፋም፤ ከተሰጠ ግን አምስትን አትፍሩት።

ለገምጋሚያችሁ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ የመብራት ማማው አናት ላይ ስንደርስ ዝናቡ ይቆማል። ባለታሪኳ ግን ኮሌታዋን አትመልሰውም። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ድረስ እንደተነሣ ይቀራል፣ ፀሐይ ላይም ጭምር። ጓደኛዬ የፕሮግራም ስህተት ነው ይላል። እኔ ደግሞ ያቺን ኮሌታ የሠራው ሰው ሆን ብሎ ያደረገው ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ሽማግሌው ወደቡ መንገድ ላይ ከነገሯት ነገር ጋር ይገጥማል፣ በግማሽ ጆሮ የሰማሁት ቢሆንም። ሦስት ቀን ተከራክረንበታል። እሳቸው ማማው ላይ ደርሰው ከሆነ ምን እንዳሰቡ በሚቀጥለው እትም ባነብ ደስ ይለኛል።

የዓምዳችሁ ቋሚ አንባቢ